ታዳሽ ኃይል ኮሌጅ ተምሮ ሥራ እስከመያዝ፦ ደረጃ በደረጃ

ሶላር፣ ንፋስ፣ የውሃ ኃይል፣ ባትሪ ምናምን መማር ፈልጋችሁ ከየት እንደሚጀመር ግራ ለገባችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ገና ያልተመዘገበም፣ ዲፓርትመንት እየመረጠ ያለም፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ "ይሄን ጨርሼ ማን ይቀጥረኛል" እያለ የሚጨነቅም ይጠቀምበታል ብዬ አስባለሁ። ሃሳቤን ከአሁኑ ልናገርና እንቀጥል፦ በዚ ዘርፍ ቶሎ ሥራ የሚይዘው አንድ መሠረታዊ ሙያ፣ ኤሌክትሪክ በሉት ሜካኒካል በሉት ሲቪል በሉት፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ያንን ሙያ ፓኔል ወይ ተርባይን ላይ ማዋል የሚችል፣ የሠራውንም ለክቶ በቁጥር ማሳየት የሚችል ሰው ነው። ከታች ያለው ሁሉ ወደዛ ለመድረስ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሥራውን እዩት፣ ዲፓርትመንቱ ይደርሳል

ብዙ ሰው የዲፓርትመንት ስም አይቶ ነው የሚመዘገበው፣ ስሙ ውስጥ "ታዳሽ" ወይ "ዘላቂ" የሚል ካለ በቃ ጨረሰ። እናንተ ከመጨረሻው ጀምሩ። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣባቸው ቦታዎች ግቡና ሶላር፣ ንፋስ፣ ሃይድሮ፣ ባትሪ የሚሉትን 20 ወይ 30 ማስታወቂያ ሰብስቡ፣ ኤክሴል ላይ ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ የሥራው መጠሪያ፣ የሚጠይቀው ዲግሪ ወይ ዲፕሎማ፣ የሚጠይቀው ክህሎት። ከዛ ክህሎቶቹን ደርድሩና የትኛው እየተደጋገመ እንደመጣ ቁጠሩ። አንድ ከሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ለቀጣዩ 4 ወይ 5 ዓመት መንገድ ያሳያችኋል።

በደፈናው ሥራዎቹ እንዲህ ይከፈላሉ። ተከላና ጥገና አለ፣ ማለትም ጣራ ላይ የሚወጣው፣ ኬብል የሚዘረጋው፣ ተርባይን ላይ የሚወጣው ቴክኒሺያን፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ዲግሪ አይጠይቅም። ዲዛይን አለ፣ የፓኔሉን ብዛት፣ የኢንቨርተሩን (ከፓኔል የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው መሣሪያ) መጠን፣ የኬብሉን ውፍረት የሚወስነው። የሃብት ትንተና አለ፣ አንድ ቦታ ላይ በዓመት ምን ያህል ፀሐይ ወይ ንፋስ እንዳለ የሚያሰላው። የግሪድ ሥራ አለ፣ የሚመነጨውን ኃይል ከዋናው መስመር ጋር የሚያገናኘው። ከዛ ውጪ ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ፋይናንስ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት፣ ሽያጭ፣ ሪሰርች አለ። ፋይናንስና የአካባቢ ጥናት ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሰው ኢንጂነሪንግ መማር የግድ አይደለም፣ ኢኮኖሚክስ ወይ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ተምሮ ቴክኒኩን በሚበቃው ያህል ማወቅ ይችላል።

ማስታወቂያዎቹን ስትሰበስቡ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፣ "የሶላር ዲዛይን ኢንጂነር እንፈልጋለን" ይልና ተፈላጊ የትምህርት ዘርፍ የሚለው ላይ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ብሎ ይጽፋል። የምለው ይሄንኑ ነው።

ደረጃ 2፦ ካሪኩለሙን ገልጣችሁ እዩ

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። አጭሩ የቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማ ወይ ሰርተፊኬት ነው፣ እጅ ላይ ያተኮረ ነው፣ ቶሎ ገቢ ለሚያስፈልገው ሰው እኔ ያለምንም ማመንታት ይሄን ነው የምመክረው፣ ኋላ ላይ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል። ሁለተኛው በመደበኛ ዘርፍ (ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል) ዲግሪ ወስዶ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ኢለክቲቭ (ተማሪው ራሱ የሚመርጣቸውን) ኮርሶች ታዳሽ ኃይል ላይ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ከስሙ ጀምሮ "ታዳሽ ኃይል ኢንጂነሪንግ" የሚል ዲግሪ ነው። ሦስተኛው መጥፎ ነው አላልኩም፣ አንዳንዱ በጣም ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ግን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እያቀመሰ ምንም ሳያስጨብጥ የሚያስመርቅ ነው፣ ልዩነቱን ማወቅ የሚቻለው የኮርሶቹን ዝርዝር በማየት ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ እነዚህን ፈልጉ፦ ሰርኪዩት፣ ኤሌክትሪካል ማሽን፣ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ፣ ፓወር ሲስተም፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ቢያንስ አንድ ፕሮግራሚንግ። ሁሉም ላይኖር ይችላል፣ ግን ሰርኪዩትና ፓወር ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት የሶላር ዲግሪ ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም ኢንቨርተር ማለት በራሱ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ ነው። ላቡንም ጠይቁ፣ "ላብ አለን" ሲሏችሁ አትርኩ፣ ተማሪው ራሱ ኬብል ያገናኛል ወይስ አስተማሪው ሲያገናኝ ቆሞ ያያል ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ሲኒየር ተማሪ አግኝቶ መጠየቅ ነው፣ እነሱ እውነቱን ይነግሯችኋል።

ለማወዳደሪያ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ በዘርፉ የታወቁትን ተመልከቱ። አውስትራሊያ ውስጥ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ለፎቶቮልታይክ (የፀሐይ ብርሃንን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ቴክኖሎጂ) እና ለታዳሽ ኃይል ኢንጂነሪንግ ራሱን የቻለ ስኩል አለው፣ የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ደሞ በንፋስ ስሙ የታወቀ ነው። የኮርስ ዝርዝራቸው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ እዛ ለመማር ባታስቡም ከራሳችሁ ኮሌጅ ጎን አስቀምጡትና የጎደለውን በራሳችሁ ለመሙላት እቅድ አውጡ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መሠረቱ ላይ አውሉ

እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተመርቆም እዚ ላይ የሚወላገድ ብዙ ሰው አለ።

መጀመሪያ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓትን ለዩ። ኪሎዋት ኃይሉ በዛች ቅጽበት ምን ያህል እንደሆነ ነው የሚነግራችሁ፣ ኪሎዋት ሰዓት ደሞ በጊዜ ውስጥ የተጠራቀመውን። 1 ኪሎዋት ፓኔል "በቀን 1 ኪሎዋት ያመነጫል" የሚል ሰው ኢንተርቪው ላይ እዛው ወድቋል። ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው፦ ፓኔል ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው በላብ ሁኔታ ነው፣ 1000 ዋት በካሬ ሜትር ጨረር፣ የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ። ውጪ ላይ ግን ሴሉ በጠራራ ፀሐይ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ለአንድ ዲግሪ ወደ 0.35 በመቶ ይቀንሳል ብንል ከ25 በላይ ያለው 35 ዲግሪ 12 በመቶ አካባቢ ይበላል። አቧራ፣ ኬብል፣ ኢንቨርተር ሲጨመርበት ጠቅላላ ከሚጠበቀው 70 ወይ 80 በመቶ ያህሉ ነው እጃችሁ ላይ የሚደርሰው።

አሁን አንድ ትንሽ ቤት እንሥራ። 9 ዋት የሆኑ 10 አምፖሎች ለ5 ሰዓት 450 ዋት ሰዓት፣ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 320፣ ፍሪጅ በቀን 1000 እንበል፣ ድምር 1770 ዋት ሰዓት። ቦታው በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ጨረር ካገኘ (ፀሐይ 5 ሰዓት ብቻ ትወጣለች ማለት አይደለም፣ የቀኑ ጨረር በሙሉ 1000 ዋት በካሬ ሜትር ወደሚል ሰዓት ሲጠቀለል 5 ይሆናል ማለት ነው) እና 70 በመቶውን ብቻ እናገኛለን ካልን፣ 1770ን ለ3.5 (5 በ0.7 ሲባዛ) አካፍሉት፣ ወደ 506 ዋት ይመጣል። ስለዚ 550 ዋት ፓኔል ይበቃል። ባትሪውስ? ለአንድ ቀን ያህል እንዲይዝ ከፈለግን ሊድ አሲድ ከሆነ እድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምንጠቀመው፣ ስለዚ 3540 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት 295 አምፒር ሰዓት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን ብንጠቀም 185 አምፒር ሰዓት አካባቢ ይበቃል። ኢንቨርተሩን ስትመርጡ ደሞ የፍሪጁን መነሻ አትርሱ፣ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ በድምሩ ልክ የተገዛ ኢንቨርተር ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ይጠፋል።

ይሄን ስሌት ወረቀት ላይ፣ ያለ ሶፍትዌር፣ ለራሳችሁ ቤት፣ ለዶርማችሁ፣ ለላይብረሪው ሥሩት። ቁጥሮቹ ጣታችሁ ላይ እስኪገቡ።

ንፋስ ላይ የምትይዙት አንድ ነገር ቢኖር ኃይሉ በፍጥነቱ ኩብ እንደሚያድግ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል፣ ከ6 ሜትር በሰከንድ ወደ 7 ሲሄድ እንኳ 59 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለዛ ነው የንፋስ ኩባንያዎች መለኪያ ማማ ተክለው ዓመት ሙሉና ከዛ በላይ ንፋሱን ብቻ የሚለኩት፣ አንድ ሜትር በሰከንድ መሳሳት ፕሮጀክቱን ሊጥለው ይችላል። ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ ደሞ በ1919 የትኛውም ተርባይን ከሚያልፍበት ንፋስ ውስጥ ከ59.3 በመቶ በላይ ኃይል መውሰድ እንደማይችል አሳይቷል፣ ስለዚ "የእኔ ተርባይን 80 በመቶ ይይዛል" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሳትስቁ እለፉት።

የውሃ ኃይል ቀመሩ ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚወርደው ውሃ ክብደት በከፍታውና በቅልጥፍናው ተባዝቶ። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ቢወርድና ተርባይንና ጄኔሬተሩ አንድ ላይ 85 በመቶ ቢሠሩ 834 ኪሎዋት ይሰጣል። ዋናው ችግር ቀመሩ ላይ አይደለም፣ በበጋ ወንዙ ስንት ይቀራል የሚለው ላይ ነው፣ እሱ ደሞ የሃይድሮሎጂ ትምህርት ይጠይቃል።

ሒሳብ የምትፈሩ ካላችሁ ካልኩለስንና ስታቲስቲክስን አትዝለሉ። በተለይ ስታቲስቲክስ፣ ፀሐይና ንፋስ ሁሌም በግምትና በፕሮባቢሊቲ ነው የሚሰሉት።

ደረጃ 4፦ አንዱን መስክ ምረጡ

ሦስተኛ ዓመት አካባቢ ሲደርስ መወሰን ጥሩ ነው። ሶላር ለመግባት ቀላሉ ነው፣ ሥራው ብዙ ነው፣ ተወዳዳሪውም የዛኑ ያህል ነው። ንፋስ ከፍታና ጉዞ ይወዳል፣ ባህር ላይ የሚተከለው ደሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው፣ የመጀመሪያው የባህር ላይ የንፋስ ጣቢያ ቪንደቢ ዴንማርክ ውስጥ በ1991 ሥራ ጀምሮ በ2017 ነው የተነቀለው፣ ማለትም አሁን መትከል ብቻ ሳይሆን መንቀልና ሪሳይክል ማድረግም ሥራ ሆኗል። ጂኦተርማል የሚመቸው ለጂኦሎጂና ለቁፋሮ ሰዎች ነው። ባዮጋዝ የኬሚካልና የአግሪካልቸር ሰዎችን ይፈልጋል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ባትሪና ግሪድ ነው። ሁሉም ሰው ፓኔል ላይ ሲረባረብ እነዚህ ሁለቱ ሰው ያጥራቸዋል፣ ትምህርታቸው ስለሚከብድ ይመስለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ትበዛለች፣ ሰው መብራት የሚፈልገው ማታ ነው፣ ዳመና ሲያልፍ ምርቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፣ በግሪድ ላይ ደሞ የሚመነጨውና የሚበላው በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት አለዚያ ፍሪኩዌንሲው (ከረንቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይዛባል። ሶላርና ንፋስ በበዙ ቁጥር ይሄን የሚያስተካክል ሰው ይፈለጋል። በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሊቲየም አየን ባትሪ ሠሪዎቹ ለጉዲናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ መሰጠቱም ያለምክንያት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሶፍትዌር፣ በነጻ ካሉት ጀምሩ

ኤክሴል መጀመሪያ። እውነቴን ነው፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ የምትጠቀሙት እሱን ነው።

ለፀሐይ መረጃ ፒቪጂስ የሚባል አለ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን የጥናት ማዕከል የሚያስተዳድረው፣ በነጻ ነው፣ ቦታ ስትመርጡ በወር በወር ምን ያህል እንደሚመነጭ ያወጣላችኋል። ግሎባል ሶላር አትላስና ግሎባል ዊንድ አትላስም በነጻ ናቸው። ሙሉ ሲስተም ለማስላት ቀድሞ ኤንሬል ይባል በነበረው የአሜሪካ የታዳሽ ኃይል ላብራቶሪ የተሠራው ሳም በነጻ ይወርዳል፣ ቴክኒኩንም ፋይናንሱንም አብሮ ይሠራል። ኩባንያዎች ሶላር ላይ በብዛት የሚጠይቁት ፒቪሲስት ነው፣ እሱ በክፍያ ነው ግን የሙከራ ጊዜ አለው፣ ሳም ላይ የለመደ ሰው ፒቪሲስትን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ከግሪድ ውጪ ለሆኑ፣ ሶላርና ባትሪና ጄኔሬተር ለተቀላቀሉባቸው ሲስተሞች ሆመር ይታወቃል። ግሪድ ለመረጠ ኦፕንዲኤስኤስ፣ ካርታ ለሚፈልግ ኪውጂአይኤስ፣ ሁለቱም በነጻ። ስዕል ለመሳል አውቶካድ።

ፓይተን ተማሩ። ፒቪሊብ የሚባል የሶላር ላይብረሪ አለው፣ ከ3ኛ ዓመት ጀምሮ የራሳችሁን ዳታ በእሱ መሥራት ከቻላችሁ ከብዙ አመልካች ትለያላችሁ።

አንድ ምክር፦ ሶፍትዌሩ ያወጣውን ቁጥር ሁሌም ደረጃ 3 ላይ በሠራችሁት የወረቀት ስሌት አመሳክሩት። ሶፍትዌሩ 900 ኪሎዋት ሰዓት ብሎ ወረቀታችሁ 450 ካለ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ተሳስቷል፣ ብዙ ጊዜ ያስገባችሁት የፓኔል አቅጣጫ ወይ የፓኔል ብዛት ነው።

ደረጃ 6፦ እጃችሁን አስለምዱ፣ ግን መጀመሪያ ደህንነት

መልቲሜትርና ክላምፕ ሜትር መጠቀም ልመዱ። ኬብል መላጥ፣ የኬብል ጫፍ ላይ የብረት ራስ አድርጎ መቆንጠጥ፣ ኤምሲ4 ኮኔክተር (የፓኔል ገመዶች ማያያዣ) መግጠም፣ ብሬከር መምረጥ፣ ኧርዲንግ (ከመሬት ጋር ማገናኘት) መሥራት፣ እነዚህን ክፍል ውስጥ ካላገኛችሁ ከተካይ ቴክኒሺያን ጋር በእረፍት ጊዜ እየዞራችሁ ልመዱት፣ ለነጻም ቢሆን።

ሶላር ሰው የሚገለው ሰዎች ስለሚንቁት ነው። ፓኔል ፀሐይ ላይ እስካለ ድረስ ማጥፊያ የለውም፣ ብሬከሩን ብታወርዱም ከፓኔሉ እስከ ብሬከሩ ያለው ገመድ ቮልቴጅ እንዳለው ነው፣ በትልልቅ ጣቢያ ደሞ ይሄ ቮልቴጅ 1000 ወይ 1500 ይደርሳል። የቤት መብራት ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ከረንት) ስለሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያልፋል፣ ስለዚ ብልጭታ ሲነሳ ራሱን የማጥፋት እድል አለው፣ ከፓኔል የሚወጣው ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀየር) ግን ዜሮን አያልፍም፣ አንዴ የተነሳ አርክ (ብልጭታው) እያቃጠለ ይቀጥላል። ለዛ ነው ኤምሲ4 ከረንት እያለፈበት መንቀል ክልክል የሆነው፣ ለዛ ነው የኤሲ ብሬከር ዲሲ ላይ የማይገጠመው። የተለያየ ፋብሪካ ኮኔክተሮችንም "ገጠመልኝ" ብላችሁ አታጋቡ፣ ይገጥማል፣ ከዛ ይሞቃል፣ ከዛ ይቃጠላል። ኢንቨርተር ስትከፍቱ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ለደቂቃዎች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ጊዜ አክብሩ። ጣራ ላይ ሃርነስ (ከመውደቅ የሚያድን ቀበቶ)፣ ሁሌም።

ለዲዛይን የሚሆን አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ኢንተርቪው ላይ የሚወዷት ጥያቄ ናት። የፓኔሉ ክፍት ቮልቴጅ (ምንም ሳይያያዝበት የሚለካው) 50 ነው፣ ኢንቨርተሩ የሚችለው እስከ 1000 ቮልት ነው፣ ስንት ፓኔል በተከታታይ ይገጠማል? 20 ያለ ሰው ኢንቨርተር ያቃጥላል። ፓኔል ሲበርደው ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ለአንድ ዲግሪ 0.27 በመቶ ቢሆን ጠዋት በ5 ዲግሪ ብርድ ከ25 በታች 20 ዲግሪ ነው፣ ጭማሪው 5.4 በመቶ፣ አንዱ ፓኔል 52.7 ቮልት ሆነ። 19 ስታደርጉት 1001.3፣ ለጥቂት አለፈ። መልሱ 18 ነው። የቦታው ዝቅተኛ ሙቀት ከዚ የባሰ ከሆነ ደሞ እንደገና ይሰላል።

ደረጃ 7፦ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን የሚሠራ ነገር አድርጉት

"የሶላር ኢነርጂ አጠቃቀም ጥናት" የሚል 80 ገጽ ሰነድ ማንም አያነበውም። ከዛ ይልቅ ትንሽ፣ የሚሠራ፣ የሚለካ ነገር ሥሩ። አንድ 50 ዋት ፓኔል፣ ትንሽ ባትሪ፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚቆጣጠር)፣ ቮልቴጅና ከረንት ሴንሰር፣ መረጃውን የሚመዘግብ አርዱኢኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ቦርድ)። መጀመሪያ በስሌት በየወሩ ምን ያህል ይወጣል ብላችሁ ገምቱ፣ ግምቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ከዛ ለወራት ለኩ፣ በመጨረሻ ግምቱና ልኬቱ ለምን ተለያየ የሚለውን አብራሩ። ይሄ ማብራሪያ ነው ፕሮጀክቱ። ፓኔሉን ያጸዳችሁበት ቀን ምርቱ ምን ያህል ዘለለ? ባትሪው ሞልቶ ኮንትሮለሩ ስንት ፀሐይ መለሰ? ጥላ የፓኔሉን አንድ ጥግ ሲነካ ምን ሆነ? (ትንሽ ጥላ ከጠበቃችሁት በላይ ያወርደዋል፣ ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ።)

ገንዘብ ከሌለ ካምፓስ ውስጥ የተተከለ ሶላር ካለ ፈቃድ ጠይቃችሁ እሱን ለኩ፣ ካልሠራ ለምን እንደማይሠራ መርምሩ። ቆሞ የቀረ ሲስተምን መርምሮ ማስነሳት ከአዲስ ተከላ የበለጠ ያስተምራል፣ ቀጣሪም ይሄን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

ከቻላችሁ ከሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ ጋር ሥሩ። አካውንቲንግ የሚማር ጓደኛ የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ወጪ እንድታሰሉ ያግዛችኋል፣ እዛ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ትረዳላችሁ፦ ሶላርና ንፋስ ነዳጅ አይገዙም፣ ወጪያቸው አብዛኛው መጀመሪያ ላይ ነው የሚወጣው፣ ስለዚ የብድር ወለዱ ከፍ ሲል ከፓኔሉ ቅልጥፍና በላይ እሱ ዋጋውን ይወስነዋል። ይሄን የሚያውቅ ኢንጂነር ከማኔጀሮች ጋር መነጋገር ይችላል።

ደረጃ 8፦ ኢንተርንሺፕና ሰርተፊኬት

ኢንተርንሺፕ ስትጠይቁ "ልምድ መቅሰም እፈልጋለሁ" ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ ይሄን ሁሉም ይልካል። ድርጅቱ የሠራውን አንድ ፕሮጀክት ጥቀሱ፣ የምትችሉትን ሁለት ነገር ተናገሩ፣ የራሳችሁን ስሌት ወይ የልኬት ግራፍ አንድ ገጽ አድርጋችሁ አያይዙ። ከገባችሁ በኋላ ቢሮ ውስጥ ፋይል ብቻ እንዳታስተካክሉ ሳይት የሚወጣ መኪና ላይ እኔም ልሂድ በሉ፣ ጧት ቀድማችሁ ተገኙ፣ ቴክኒሺያኖቹን አክብሩ፣ ኢንጂነሩ የማያውቀውን ብዙ ነገር እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ሰርተፊኬት ላይ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ደረጃ 1 ላይ የሠራችሁትን ኤክሴል እዩ፣ ማስታወቂያዎቹ ካልጠየቁት አትቸኩሉ። በንፋስ ግን የግሎባል ዊንድ ኦርጋናይዜሽን መሠረታዊ የደህንነት ሥልጠና ብዙ ቦታ እንደ መግቢያ ነው የሚቆጠረው፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ እሳት፣ ዕቃ አነሳስና ከፍታ ላይ መሥራት አለው፣ ለባህር ደሞ በባህር ላይ ራስን ማዳን ይጨመራል፣ በየ24 ወሩ ይታደሳል፣ ስለዚ ሥራ ሳይኖር ቀድሞ መውሰዱ ሊቃጠል ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ሶላር ላይ ናብሴፕ የሚባለው የባለሙያ ማረጋገጫ ሰጪ ይታወቃል፣ ለጀማሪ የሚሆን የአሶሼት ፈተና አለው። ሌላ ቦታ ደሞ የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ መንግሥት ስለሆነ ያለሱ መትከል በሕግ ሊከለከል ይችላል፣ ይሄን ከምንም በፊት አጣሩ።

ስታንዳርዶችን በስም እወቁ (አይኢሲ ማለት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ስታንዳርድ አውጪ ነው)። አይኢሲ 61215 ፓኔል ምን ምን ፈተና እንደሚያልፍ፣ አይኢሲ 62446 የተተከለ ሶላር ሲረከብ ምን እንደሚለካና ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ አይኢሲ 61400 ስለ ንፋስ ተርባይን ነው። 62446ን ያነበበ ተማሪ ርክክብ ላይ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፣ ተመራቂዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም።

ደረጃ 9፦ ሲቪ፣ ኢንተርቪው፣ የመጀመሪያ ሥራ

ሲቪ ላይ "ስለ ሶላር ጥሩ እውቀት አለኝ" አይባልም። "የ50 ዋት ሲስተም ዲዛይን አድርጌ ለ4 ወር ለክቻለሁ፣ ልኬቱ ከግምቱ በ9 በመቶ ያነሰ ነበር፣ ምክንያቱ አቧራና የባትሪ መሙላት ነው" ይባላል፣ ቁጥሩን የራሳችሁን አድርጉት። ከውጤታችሁ በላይ ይሄ መስመር ነው ጥያቄ የሚያመጣው፣ ጥያቄው ደሞ የምታውቁት ነገር ላይ ይሆናል።

ኢንተርቪው ላይ የሚመጡት በአብዛኛው ከላይ ያሉት ናቸው፦ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት፣ በተከታታይ የሚገጠም ፓኔል ብዛት፣ የባትሪ መጠን፣ የኬብል ውፍረትና ቮልቴጅ ድሮፕ (ገመዱ ውስጥ የሚጠፋው ቮልቴጅ)፣ "ምርቱ በድንገት በግማሽ ቢወርድ ከየት ትጀምራለህ"። ለመጨረሻዋ ጥሩ መልስ ኢንቨርተሩ ምን ኤረር አሳየ፣ ከዛ ስትሪንጎቹን (በተከታታይ የተያያዙትን የፓኔል ረድፎች) አንድ በአንድ ለክቼ የትኛው እንደወደቀ አያለሁ፣ ከዛ ፊውዝና ኮኔክተር ብሎ በቅደም ተከተል መሄድ ነው። ፓኔል እቀይራለሁ ብሎ የሚጀምር አይቀጠርም።

ሁለት ሥራ አንድ ላይ ከመጣ ደሞዙ ትንሽ ያነሰውን ግን ሳይት ያለውን እኔ እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው ኢንሹራንስ አለ ወይ፣ የደህንነት ዕቃውን የሚገዛው ማነው፣ ከተከላ በኋላ ጥገናውን ድርጅቱ ራሱ ይከታተላል ወይስ ተክሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ "ተክለን እንሄዳለን" ካሏችሁ እዛ ቤት የሠራችሁት ነገር ከዓመት በኋላ እንዴት እንደሆነ የማየት እድል አይኖራችሁም፣ ዲዛይን የሚሻሻለው ደሞ እሱን በማየት ስለሆነ ሌላኛውን ቦታ ደውላችሁ ጠይቁ።